ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት፦ በእንግሊዝ አገር አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን ለሚገዙና ለሚከራዩ ሰበካ ጉባኤያት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በእንግሊዝ አገር ላሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤያትና የሕንፃ ኮሚቴዎች፣

ክቡራን አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

ይህን የምንጽፍላችሁ በዚህ አገር በጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገናና በአጥቢያ መዛግብት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ገንዘብ ማሰባሰቡን ከእኛ በላይ ታውቁበታላችሁ። የሚያሳስበን ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ያለው ነው፤ የሕንፃው ወረቀት ሳይነበብ መዶሻ ይነሣበታል። የአንድ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ ታሪክ ለምረቃ ቀን መጽሔት ማሳመሪያ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ከግንበኛው ማንኪያ በፊት የሚያዝ የሥራ መሣሪያ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናንሣ። «ቤተ ክርስቲያን ስለሆንን የካውንስል ፈቃድ አያስፈልገንም» የሚል ወሬ አለ። ወሬው ከባዶ አልተነሣም፤ ለእኛ ግን አይሠራም። በ1990 የወጣው የጥንታዊ ሕንፃዎች ሕግ ለአምልኮ ቤቶች ነጻነት ይሰጣል። በእንግሊዝ በዚህ ነጻነት የሚጠቀሙት ግን የራሳቸው የፈቃድ ሥርዓት ያላቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ የሮማ ካቶሊክ፣ ሜቶዲስት፣ ባፕቲስትና ዩናይትድ ሪፎርምድ። ተዋሕዶ በዝርዝሩ የለችም። ስለዚህ የገዛችሁት ሕንፃ «ሊስትድ» ከሆነ፣ ማለትም በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ፣ መልኩን ወይም ይዞታውን ለሚነካ ሥራ ሁሉ ከካውንስሉ የሊስትድ ቢልዲንግ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ያለፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ሊደርስ ይችላል። በጎ በኩልም አለው፤ ለዚህ ማመልከቻ ክፍያ የለም።

ምዝገባው ሦስት ደረጃ አለው፤ ግሬድ አንድ፣ ግሬድ ሁለት ባለ ኮከብ እና ግሬድ ሁለት። ከተመዘገቡት ሕንፃዎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት በመጨረሻው ደረጃ ላይ ናቸው። «ግሬድ ሁለት ስለሆነ ውስጡን እንደፈለግን እንሠራዋለን» የሚለውም ስሕተት ነው። በሦስቱም ደረጃ ጥበቃው ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ከውጭ እስከ ውስጥ ነው። ከግድግዳ ጋር የተያያዘው ሁሉና ከ1 ጁላይ 1948 በፊት በግቢው የተሠራ አጥር ወይም በር ጭምር ይገባበታል። በመዝገቡ ላይ ያለው መግለጫ አንዳንዴ አራት መስመር ብቻ ነው። አንድ ነገር ስሙ አልተጠራም ማለት አልተጠበቀም ማለት አይደለም፤ መግለጫው የተጻፈው ሕንፃውን ለመለየት እንጂ ለመቁጠር አልነበረም።

ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከራይታችሁ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ፈቃዱ «ፋኩልቲ» ይባላል፤ የሚሰጠውም የሀገረ ስብከቱ ዳኛ፣ ቻንስለሩ ነው። ጥቃቅን ጥገና «ሊስት ኤ» በተባለው ሰንጠረዥ ያለፈቃድ ይሠራል። «ሊስት ቢ» ላይ ያለው የአርኪዲያቆኑን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ከሁለቱ ውጭ የሆነው ሁሉ ፋኩልቲ ያስፈልገዋል፤ አመልካቹም እናንተ ሳትሆኑ የአጥቢያው ጉባኤ ነው። እኛ ዘንድ «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል፤ እዚህ የቄሱ እሺ በሕግ ፊት ምስማር እንኳ አያስመታም። በደግነት ተናግረውት ይሆናል፣ ሥልጣኑ ግን የላቸውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ምሳሌ እንውሰድ፤ በደቡብ ለንደን፣ ባተርሲ ውስጥ በኩዊንስታውን መንገድ ያለው የቅዱስ ፊልጶስ ሕንፃ፣ ዛሬ የደብረ ጽዮን ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያናችን ያለችበት፣ በ1870 ገደማ በጄምስ ኖውልስ ንድፍ የተሠራ ነው። የዚያን ዘመን ሰነድ የት እንፈልግ ብንል፣ «ሰዘርክ ሀገረ ስብከት» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። ደቡብ ለንደን እስከ 1877 በዊንቸስተር ጳጳስ ሥር ነበር፤ ከዚያ ወደ ሮቸስተር ተዛወረ፤ ሰዘርክ ራሱን የቻለው በ1905 ነው። ስለዚህ የአንድ ሕንፃ የቅዳሴ ቤት ሰነድ፣ የአጥቢያ ወሰን ካርታና የፋኩልቲ ወረቀት በሦስት ቦታ ሊበተን ይችላል። የ1870ዎቹን መጀመሪያ የሚፈልግ ሰው ዊንቸስተር ወዳለው የሃምፕሺር መዝገብ ቤትም መጻፍ አለበት። በመንግሥት በኩልም እንዲሁ ነው። ባተርሲ ከ1855 ጀምሮ የዋንድስወርዝ ወረዳ አካል ነበረች፤ በ1888 የራሷን ቬስትሪ አገኘች፤ በ1900 ሜትሮፖሊታን ቦሮ ሆነች፤ በ1965 ተመልሳ ወደ ዋንድስወርዝ ቦሮ ገባች። (የዚያች ቦሮ ምክር ቤት በ1913 ጆን አርቸር የተባለውን ጥቁር እንግሊዛዊ ከንቲባ አድርጎ እንደመረጠ ወጣቶቻችሁ ቢያውቁ አይከፋም።) የግንብ፣ የፍሳሽና የመንገድ ፈቃድ ስትፈልጉ፣ በዓመቱ የነበረውን መሥሪያ ቤት ስም ካላወቃችሁ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛም ሊረዳችሁ አይችልም።

«ቬስትሪ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ልብሰ ተክህኖ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ማለት ነው፤ የአጥቢያው ሰዎች እዚያ እየተሰበሰቡ ከጣሪያ ጥገና እስከ ድሆች መጦሪያ ስለሚወስኑ ጉባኤውም በክፍሉ ስም ተጠራ። በገጠር ይህ ሥልጣን በ1894 ሕግ ለተመረጡ የአጥቢያ ምክር ቤቶች ተላለፈ። ስለዚህ ዛሬ «ፓሪሽ ካውንስል» የሚባለው የመንግሥት አካል ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ነው። ደብዳቤ ለተሳሳተው ተልኮ ወራት የሚባክነው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኞቹን ወረቀቶች ትፈልጉ? የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ከ1538 ጀምሮ በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ ይያዝ ነበር። ለሕንፃ ጥገና የሚጠቅመው ግን ከነዚህ ይልቅ የቸርችዋርደኖች፣ ማለትም በምእመናን የተመረጡ ጠባቂዎች፣ የሒሳብ መዝገብ ነው። ለኖራ፣ ለእርሳስና ለጣሪያ እንጨት መቼ ምን ያህል እንደተከፈለ እዚያ ይገኛል። በ1978 በወጣው ሕግ ዕድሜያቸው 100 ዓመት ያለፈ መዛግብት ወደ መዝገብ ቤት ይገባሉ፤ የለንደን አብዛኛው ዛሬ «ዘ ለንደን አርካይቭስ» በተባለው ተቋም ነው። ሕንፃው በ1818 የተመሠረተው የአብያተ ክርስቲያናት ማሠሪያ ማኅበር ርዳታ ያገኘ ከሆነ፣ ንድፉ በላምበዝ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የመቶ ሃምሳ ዓመት ንድፍ በነጻ ማየት እየተቻለ ለአዲስ ልኬት በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ የሚከፈልበትን ምክንያት አናውቅም።

በለንደን ያላችሁ ሌላም አላችሁ። በ1870ዎቹና በ1890ዎቹ የወጡት ትልልቅ የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታዎች አንድ ማይልን በአምስት ጫማ ያሳያሉ። የመቃብሩን ወሰን፣ የቦይለር ክፍሉን፣ ዛሬ የጠፋውን የጎን በር ታዩበታላችሁ። ከዚያ የጦርነቱ ጊዜ የቦንብ ጉዳት ካርታ አለ። ጥቁር ቀለም ፈጽሞ የወደመ፣ ሐምራዊ ከጥገና ያለፈ፣ ብርቱካን የግንቡን አቋም ያልነካ የፍንዳታ ጉዳት፣ ቢጫ ቀላል ጉዳት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችሁ በቀይ ቀለም፣ ማለትም ክፉኛ የተጎዳ ተብሎ፣ ከተመለከተ ጣሪያው በ1950ዎቹ ተሠርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ «የቪክቶሪያ ዘመን እንጨት ነው» ብላችሁ የጫናችሁት ጭነት በሌላ ነገር ላይ ያርፋል፤ አስቤስቶስም ሊኖር ይችላል። ከ2000 በፊት በተሠራ ማንኛውም ሕንፃ ቦይለሩንና የቧንቧ መጠቅለያውን ከመንካታችሁ በፊት የአስቤስቶስ ምርመራ አሠሩ።

እነዚህ ወረቀቶች ከገንዘብ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ ልብ በሉ። የቀድሞ ባለቤት ያለፈቃድ ያፈረሰውን ወይም የሠራውን ነገር ካውንስሉ ከአዲሱ ባለቤት «መልስ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ የጊዜ ገደብ የለውም። አሮጌው ንድፍ ላይ የነበረ ሰገነት ዛሬ ከሌለ፣ የፋኩልቲው ወረቀት በእጃችሁ ካለ በሕግ እንደተነሣ ታሳያላችሁ፤ ከሌለ ግን ዕዳውን ከቁልፉ ጋር ትረከባላችሁ። ጠበቃችሁ ከመፈራረማችሁ በፊት የፋኩልቲ ወረቀቶችን፣ የዕቃ ዝርዝሩን፣ የሕንፃውን የጥገና መዝገብና የመጨረሻውን የአምስት ዓመት ምርመራ እንዲጠይቅ አድርጉ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከ1955 ጀምሮ እያንዳንዱን ቤተ ክርስቲያን በየአምስት ዓመቱ በአርክቴክት ታስመረምራለች፤ ያ ሪፖርት ከማንኛውም የደላላ መግለጫ ይበልጣል። ከገዛችሁም በኋላ ልማዱን አታቋርጡ።

የዕቃ ዝርዝሩን ስናነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ከመቅደላ የሄደ ታቦት በዌስትሚኒስተር አቢ መንበር ውስጥ ታሽጎ ይገኛል። በ2001 በኤዲንብራ፣ በስኮትላንድ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ተገኝቶ በቀጣዩ ዓመት ወደ አገሩ ተመልሷል። አሮጌ መንበር ወይም ቁም ሳጥን ከመነቀሉ በፊት ካህን ይጠራ የምንለው ለዚህ ነው።

ወደ መቅደሱ እንግባ። በእንግሊዝ የመካከለኛው ዘመን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ የሚቆምበትን ክፍልና ካህኑ የሚቀድስበትን የሚለይ የእንጨት መጋረጃ ነበረው። በ1540ዎቹና በ1560ዎቹ በላዩ የነበረው ስቅለት ወርዶ ብዙው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለስብከት የሚመች፣ ሰገነት ያለው፣ ምሥራቁ አጭር አዳራሽ ተለመደ። በ1818 ፓርላማው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ያሠራቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከ1840ዎቹ በኋላ ግን ፋሽኑ ተገለበጠ፤ ረጅም፣ በደረጃ ከፍ ያለ ምሥራቃዊ ክፍል ተመለሰ። ለእኛ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የ1825 ሕንፃ ከገዛችሁ መቅደሱ ቦታ ይጠባችኋል፤ የ1870 ከሆነ ቅድስትና መቅደስ ለብቻቸው የሚለዩበት ቦታ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ለመግዛት ስታማርጡ ከዋጋው ቀጥሎ የሠሪውን ዓመት ጠይቁ። ኮምፓስም ያዙ፤ በጠባብ የከተማ ቦታ ላይ የተሠሩ አንዳንዶቹ መንበራቸው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ነው። በንድፉና በመጻሕፍቱ ግን የመንበሩ ጎን ሁሌም «ምሥራቅ» ተብሎ ይጻፋል።

የሚያስቸግረው መንበሩን መዞር ነው። የቪክቶሪያ ዘመን መንበር ብዙ ጊዜ ከተቀረጸ የድንጋይ ወይም የሞዛይክ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ያንን ግድግዳ ለማንሣት ፈቃድ አታገኙም ብላችሁ ገምቱ። መፍትሔው የራሳችሁን መንበር ቢያንስ አንድ ሜትር ወደፊት አውጥቶ ማቆም ነው። የመቅደሱን መለያም በራሱ እግር የሚቆም፣ ሲነሣ ጠባሳ የማይተው አድርጉት። የግድ ግድግዳ ላይ መያዝ ካለበት ቀዳዳው በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በመጋጠሚያው ላይ ይሁን፤ ማሠሪያውም ከማይዝግ ብረት ይሠራ። ተራ ብረት ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ሥዕል በቀጥታ በኖራ ልስን ላይ በአክሪሊክ ወይም በዘይት ቀለም አትሣሉ፤ በሸራ ወይም በሰሌዳ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አየር ትቶ ይሰቀል። በነዚህ ነጥቦች ላይ ከካውንስሉ የቅርስ ባለሙያ ጋር ገና ንድፍ ሳይወጣ ተነጋገሩ። ማመልከቻው ሲገባ ከታሪክ መግለጫው ጋር የአሁኑንና የታሰበውን ንድፍ በ1 ለ50፣ የመለያውን ዝርዝር በ1 ለ20 አያይዙ። ውሳኔው በስምንት ሳምንት ይጠበቃል፤ ግሬድ አንድና ሁለት ባለ ኮከብ ከሆነ «ሂስቶሪክ ኢንግላንድ»ም አስተያየት ይሰጥበታል።

ከሁሉ የከፋውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን በቅንነት የሚመጣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ግንቦች የተሠሩት በኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ዝናቡ ይገባል፣ በመጋጠሚያው በኩል ተመልሶ ይደርቃል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲሞላ መጀመሪያ ጠንካራ ይመስላል። ከዚያ በፀጉር ስንጥቅ ውኃ ይገባል፣ መውጫው ተዘግቷልና በድንጋዩ ወይም በጡቡ ፊት በኩል ይወጣል። ጨውም ይዞ ይወጣል፤ ክረምት ሲቀዘቅዝ ፊቱ ይላጣል። ድንጋዩ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ሲሚንቶው እንደ መረብ ብቻውን ቆሞ ካያችሁ፣ ያ ነው።

ትክክለኛው ሥራ እንዲህ ነው። አሮጌው መጋጠሚያ ከስፋቱ ሁለት እጥፍ፣ ከ25 ሚሊ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት በእጅ መሣሪያ ይፋቃል፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚበላ አይገባም። አቧራው ታጥቦ ይወጣል፣ ግንቡ ይረጥባል። ከዚያ አንድ እጅ የተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ፣ ብዙ ጊዜ «ኤንኤችኤል 3.5» የተባለው፣ ከሁለት ተኩል እጅ ሹል አሸዋ ጋር በመስፈሪያ፣ በግምት ሳይሆን፣ ይቦካል። ድንጋዩ በጣም ለስላሳ ከሆነ ከዚያ የደከመ ኖራ ይመረጣል፤ ሕጉ መጋጠሚያው ሁልጊዜ ከድንጋዩ ይድከም ነው። ተጠቅጥቆ ከገባ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ የጆንያ ጨርቅ ይሸፈናል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ አይሠራም፤ ስለዚህ ከኦክቶበር እስከ ማርች ኖራ አታስጀምሩ። «ለጥምቀት ይድረስልን» የሚለው ጥድፊያ ብዙ ግንብ አበላሽቷል። ውኃ የማያስገባ ቀለምና ሲሊኮንም እንደ ሲሚንቶው ናቸው፤ የተረፈውን መውጫ ይዘጋሉ።

ከውስጥም ውኃ አለ። አንድ የቆመ ሰው በሰዓት ቢያንስ 40 ግራም እንፋሎት ያወጣል። 300 ሰው ስምንት ሰዓት በማኅሌትና በቅዳሴ ሲቆም ወደ 96 ሊትር ውኃ ወደ አየሩ ገባ ማለት ነው። በዚያ ላይ የፕሮፔን ጋዝ ማሞቂያ ብታበሩ እያንዳንዱ ኪሎ ጋዝ 1.6 ኪሎ ውኃ ይወልዳል፤ 13 ኪሎ ያለው ጠርሙስ ከ20 ሊትር በላይ። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በቀዝቃዛው ግድግዳና በጣሪያው እንጨት ላይ ነው፤ የጧፉና የዕጣኑ ጥቀርሻም እርጥቡ ላይ ይለጠፋል። ጋዙን ተዉት፤ ከሥርዓቱ በኋላም መስኮትና በር ከፍታችሁ አናፍሱ።

ምንጣፉን በተመለከተ፣ በባዶ እግር ስለምንቆም የግድ ነው። ጎማ ወይም ስፖንጅ የተለጠፈበትን ግን አታንጥፉ። በሥሩ ያለው የሸክላ ንጣፍ ወይም የመቃብር ድንጋይ እርጥበቱን መጣል ካልቻለ ፊቱ ይላጣል። ወንበሮቹ የቆሙበት ወለል አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ባዶ የሆነ የእንጨት ወለል ነው፤ በውጭ ግድግዳ ግርጌ ያሉት ትናንሽ የብረት ወንፊቶች መተንፈሻው ናቸው። «አይጥ ያስገባል» ተብለው በሲሚንቶ ሲደፈኑ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወለሉ ይበሰብሳል።

የጣሪያውን በአጭሩ። እርሳስ በሙቀት ይለጠጣል፤ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በ50 ዲግሪ ልዩነት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ረጅም አንሶላ በምስማር ከተያዘ ይቀደዳል። ስንጥቁን በሬንጅ መደፈን ለአንድ ክረምት ነው። ሌባም ይወደዋልና ኢንሹራንሳችሁ የሚጠይቀውን ምልክት አስደርጉ። ሌሊት ወፍ ካገኛችሁ ሥራው ይቁም፤ ወፏም ማደሪያዋም በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

አዳራሽ ለመጨመር የምታስቡም አላችሁ። ግቢው ቀብር የነበረበት ከሆነ የ1884 ሕግ በተዘጋ መቃብር ላይ መገንባትን ይከለክላል፤ ለራሱ ለአምልኮ ቤቱ ማስፋፊያ ካልሆነ በቀር። «የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ማስፋፊያ ነው ወይስ አይደለም» የሚለው የጠበቃ ጥያቄ ነውና ንድፍ ከመሠራቱ በፊት ይጠየቅ። ለውኃ ማፍሰሻ የምትቆፍሩት ቦይ እንኳ አጥንት ሊያገኝ ይችላል፤ ያኔ ያለፈቃድ ማንሣት ወንጀል ነው።

ዘንድሮ ምንም ገንዘብ ባይኖራችሁ እንኳ አንድ ሥራ አለ። ቅጠል ረግፎ ሲያልቅ፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ አሸንዳውንና መውረጃውን አስጠርጉ፤ በጸደይ ድገሙት። ከዚያ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዞ ሕንፃውን የሚዞርና ውኃው የት እንደሚፈስ፣ የት እንደሚንጠባጠብ ከቀኑ ጋር በደብተር የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ። ያ ደብተር ከሕንፃው የጥገና መዝገብ ጋር በዕቃ ቤቱ ይቀመጥ፤ ሰበካ ጉባኤው ሲለወጥም ለተተኪው በፊርማ ይተላለፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
በእንግሊዝ አገር በጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገናና በአጥቢያ መዛግብት ሥራ ላይ ያለን ወገኖቻችሁ